የጭንቀት መድኃኒት ድብት ሲያደርጋችሁ

የጭንቀት መድኃኒት ሁሉ ያስተኛል ሲባል አትመኑ። መጀመሪያ የታዘዘላችሁ ኪኒን ምን ዓይነት እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ሰርትራሊንና ኤሲታሎፕራም ለውጣቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሱታል። ቡስፒሮንም ቶሎ አይሠራም፣ ግን ብዙም አያደነዝዝም። ሃይድሮክሲዚን ግን ያስተኛል፤ ለአለርጂም የሚታዘዘው እሱ ነው።

ጣጣው ያለው ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም ላይ ነው። ቤንዞዲያዜፒን ይባላሉ። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ያግዙታል፤ ጭንቀቱን የሚያበርደውም፣ ዓይናችሁን የሚከድነውም ይኸው ሥራቸው ስለሆነ መጠኑ በጨመረ ቁጥር መረጋጋቱ ወደ ድብታ፣ ከዚያም ወደ መርሳትና መንገዳገድ ይሄዳል። ዳያዜፓም ደግሞ በቀላሉ አይወጣም፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ 2 ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ በየቀኑ ሲወሰድም ይጠራቀማል። ማታ የዋጣችሁት ጠዋት መሪ ስትይዙም አብሯችሁ አለ ማለት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይብሳል፣ ወድቀው አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪኒን መኪና በማትነዱበት፣ ማሽን በማትነኩበት ቀን ጀምሩ። «ደህና ነኝ እኮ» የሚለውን ስሜት አትመኑት፣ የደነዘዘ ሰው መደንዘዙ አይታወቀውም። ድብታውን በቡና ላባርር ብትሉም ቡናው ሲበዛ ጭንቀቱን መልሶ ነው የሚያመጣባችሁ።

መጠጥ? በፍጹም። ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች የምትወስዱ ከሆነም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ከቤንዞዲያዜፒን ጋር አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. እሽጉ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈውም ለዚህ ነው። የጉንፋን ኪኒንም ብዙ ጊዜ የሚያስተኛ ነገር አለበትና ሳትጠይቁ አትደርቡ።

ድብታው ከበዛ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሰዓቱን ሊያዛውር ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። እናንተ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ቤንዞዲያዜፒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ ጭንቀቱ ብሶ ሊመለስበት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊመጣ ይችላል። የሚቆመው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

የወሰደ ሰው ስትቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ «ተኝቶ ይውጣለት» ብላችሁ አትተዉት፤ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።