የውጭ አገር መሪ ሲገደል የዕድር ወይም የማኅበር የሐዘን ደብዳቤ ለኤምባሲ እንዴት ይጻፋል?

የመንግሥታት ሐዘን የሚተላለፈው በመሪዎችና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች መካከል ነው። አንዳንዴም መሪው ራሱ ይሄዳል፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1956 ዓ.ም. ኅዳር ሲገደሉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ተገኝተው ከሌሎች መሪዎች ጋር በእግራቸው ቀብሩን አጅበዋል። በለገጣፎ፣ በሰበታ ወይም በአቃቂ ዳርቻ ያለ ዕድር፣ ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማኅበር ግን ሐዘኑን መግለጽ ሲፈልግ የሚጽፈው አዲስ አበባ ለሚገኘው የዚያ አገር ኤምባሲ ነው።

ከሁሉ በፊት ሞቱ በአገሩ መንግሥት እስኪረጋገጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። የጃፓኑ ሺንዞ አቤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ናራ ከተማ ላይ በጥይት ሲመቱ፣ ሞታቸው የተነገረው ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ በዚያ መሐል የተጻፈ የሐዘን ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያሳፍር መገመት አያዳግትም። በዚያው ላይ የሟቹን ማዕረግ አጣሩ። አቤ በዕለቱ ሥልጣን ላይ ስላልነበሩ ትክክለኛው አጻጻፍ «የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ነበር። በተቃራኒው የህንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ጥቅምት 21 ቀን 1977 ዓ.ም. የተገደሉት በሥልጣን ላይ ሳሉ ሲሆን፣ ልጃቸው ራጂቭ ጋንዲ በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ፈጽመው ተተክተዋል፤ አዲሱ መሪ ሐዘንተኛም ተተኪም ነበሩ ማለት ነው።

ደብዳቤው «ለክቡር አምባሳደር»፣ አምባሳደር ከሌለ «ለጉዳይ ፈጻሚው» ተብሎ ይጻፍ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ። በጉዳዩ መስመር ላይ «የሐዘን መግለጫ» ማለት ይበቃል።

ዋናው ጥንቃቄ በይዘቱ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ገዳዩ ማን ነው? ለምን ገደለው?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ እንደሌለ ሁሉ፣ ደብዳቤውም ስለ ገዳዩ፣ ስለ በቀል ወይም ስለዚያ አገር የፖለቲካ ወገኖች አንዲት ቃል ሊኖረው አይገባም፤ ምርመራው ሳያልቅ የተጻፈ ግምት ኤምባሲውን ከማስቸገር በቀር የሚፈይደው የለም። «ነፍስ ይማር» እና «በገነት ያኑርልን» ለእኛ የተለመዱ ቢሆኑም ሟቹ የሌላ እምነት ተከታይ ሊሆን ስለሚችል «መጽናናትን እንመኛለን» ማለት ይሻላል። በደብዳቤው መጨረሻ የትምህርት ዕድል ወይም የፕሮጀክት ድጋፍ መጠየቅም ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርግ አይጠፋምና ነው ማንሳቴ።

አካሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተፈጸመባቸው ጥቃት ሕይወታቸው ማለፉን በጥልቅ ሐዘን ሰምተናል። በአገርዎ ድጋፍ በተቆፈረልን የውኃ ጉድጓድ የምንጠቀም የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች ለቤተሰባቸው፣ ለመንግሥትዎና ለሕዝብዎ መጽናናትን እንመኛለን።» ጉድጓዱን እዚህ የጠቀስኩት ለምሳሌ ያህል ነው፤ እናንተን ከዚያ አገር ጋር የሚያገናኝ እውነተኛ ነገር ካለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ፣ ከሌለም ይቅር። ውዳሴ ማብዛት አያስፈልግም።

ደብዳቤው ላይ የዕድሩ ዳኛ ወይም ሊቀ መንበሩ ይፈርም፣ ክብ ማኅተም ይረፍበት፤ ከአማርኛው ጋር የእንግሊዝኛ ትርጉም ቢያያዝ መልካም ነው።

ብዙ ኤምባሲዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሐዘን መዝገብ ይከፍታሉ፤ መዝገቡ ግን ለተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ ከዳር ሰፈር ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለት ወይም ሦስት ተወካዮች መታወቂያ ይዘው፣ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሰው ይሂዱ፤ ስልክና ቦርሳ በር ላይ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ቤት ውስጥ በወረቀት አዘጋጅተው ይዘውት ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ እየጠበቀ ቃል መምረጥ ያስጨንቃል። ከጽሑፉ ሥር ስም፣ የሥራ ድርሻና የማኅበሩ ስም ይጻፋል። ደብዳቤውን ለእንግዳ ተቀባዩ ሲያስረክቡም በቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርመው ለማኅበሩ ፋይል ይመልሱ።