ስሙ አንድ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ሲያምታታችሁ የቱን ትገዛላችሁ?

እዚህ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሁለት ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተር ውስጥ ምስልና ቪዲዮ ሚያቀነባብረው ክፍል) ፎቶ ላከልኝና "ሁለቱም አርቲኤክስ 3050 ነው አንዱ ግን ይረክሳል ምን ላድርግ" አለኝ። ጥር ሊገባ ነው፣ ሰርጉም ጥምቀቱም ሊደራረብበት ስለሆነ ቸኩሏል። ቆይ እንዳትከፍል፣ መጀመሪያ የኮምፒውተርህን ኬዝ ክፈትና ውስጡን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት።

ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ፓወር ሰፕላያችሁን፣ ለኮምፒውተሩ መብራት ሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ እዩ። ጎኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል፣ ከዛ ደግሞ ለካርድ ሚሆን ባለ 6 ወይ ባለ 8 ቀዳዳ ገመድ ወጥቶለት እንደሆነ ፈልጉ። የሱ እንደ ብዙዎቻችን ከውጭ አገልግሎ የመጣ የቢሮ ዴል ነው፣ 290 ዋት፣ ለካርድ ሚሆን ገመድ ግን የለውም። ገመድ ከሌለ ካርዱ መብራት ሚያገኘው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ካርዶች እንምጣ። በ2022 የወጣው 3050 ባለ 8 ጊጋ ሚሞሪ ሲሆን 130 ዋት ይበላል፣ የራሱን ገመድ ይፈልጋል። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ነው፣ አብዛኛው ያለ ገመድ ይሰራል። ሰው "ልዩነቱ 2 ጊጋ ነው" ይላል፣ አይደለም እኮ፣ የ8ቱ ኮር (ስሌቱን ሚሰሩት ጥቃቅን ክፍሎች) 2560 ነው የ6ቱ 2304፣ ሚሞሪው ዳታ ሚያመላልስበት መንገድም አንዱ 128 ቢት ሌላው 96 ቢት ነው። ሁለት የተለያየ ካርድ አንድ ስም ሰጥተው ነው ሚሸጡልን። ለጓደኛዬ ግን ደካማው ነው ትክክለኛው፣ ምክንያቱም ጠንካራው እሱ ቤት አይነሳም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ገመዱ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ለትንሽ ብር ብላችሁ 6ቱን አትግዙ፣ 8ቱን ውሰዱ።

ባለሱቁ "በኮንቨርተር እናገናኝልሃለን" ካላችሁ እምቢ በሉ። የሃርድ ዲስኩን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 8 የሚቀይረውን ማለቴ ነው፣ ያ ገመድ ሚችለው 54 ዋት አካባቢ ነው እናንተ 100 ምናምን ልትጭኑበት ነው። እኔ አንዴ ሞክሬው ፕላስቲኩ ቀልጦ ክፍሉ በሙሉ ሸቶ፣ እናቴ መጥታ ቆጣሪውን አጥፍታብኛለች።

በስም መምታታት 3050 ብቻውን አይደለም። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋ አለው፣ ኮራቸው ራሱ ይለያያል፣ 1152 እና 1280። ጂቲኤክስ 1660 እና 1660 ሱፐር በኮር ቁጥር እኩል ናቸው ግን የሱፐሩ ሚሞሪ ጂዲዲአር 6 ሚባለው ፈጣኑ አይነት ስለሆነ በጣም ይፈጥናል፣ በሰከንድ 336 ጊጋባይት ነው የተራው 192። አርኤክስ 580 ሲሏችሁ "ኮሩ 2048 ነው ወይስ 2304" ብላችሁ ጠይቁ፣ 2048 ከሆነ በስሙ 580 በስራው ከሱ ሚያንሰው 570 ነው። ከሁሉም ሚያናድደኝ ጂቲ 1030 ነው፣ ባለ ዲዲአር 4ቱ በሰከንድ 16.8 ጊጋባይት ብቻ ነው ሚያስተላልፈው፣ ባለ ጂዲዲአር 5ቱ 48፣ ካርቶኑ ግን አንድ ይመስላል። ደግሞ ቪዲዮ ለምትሰሩ፣ 1030 ቪዲዮ ኢንኮድ ሚያደርግ (ያለቀውን ቪዲዮ ጨምቆ ፋይል ሚያደርግ) ክፍል የለውም፣ ኤክስፖርት ስታደርጉ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነው ሚለፋው።

ስለዚህ ለሻጩ አራት ነገር በጽሁፍ እንዲመልስ አድርጉት፣ ሙሉ ስሙን ከነቅጥያው፣ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ የሚሞሪውን አይነትና ዋቱን። አሱስ ነው ኤምኤስአይ ነው ጊጋባይት ነው ሚለው ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ ቺፑ አንድ ከሆነ ልዩነቱ በአብዛኛው ፋኑና ርዝመቱ ነው። ርዝመቱን ግን በሜትር ለኩ፣ ቀጭኑ የቢሮ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይገባም።

ያገለገለ ከሆነ ጂፒዩ ዜድ ሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር አስከፍታችሁ እዩ። ፌክ ካርድ አለ፣ 1050 ቲአይ ተብሎ ውስጡ የድሮ ጂቲኤስ 450 የሆነ፣ ሶፍትዌሩ ሲያገኘው ስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍበታል። ከዛ ፈርማርክ ሚባለው ካርዱን አስጨንቆ ሚፈትን ፕሮግራም 15 ደቂቃ ይሩጥ፣ ስክሪኑ ነጠብጣብ ካወጣ ወይ ከጠፋ ተዉት። እዚሁ ፒያሳ ከሆነ ቁሙና እዩ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ሚላክ ከሆነ ግን ብር ከመላካችሁ በፊት በቪዲዮ ኮል አስሞክሩ፣ ጎንደር ከደረሰ በኋላ መልስ ውሰድ ብትሉት ስልክ አያነሳም።

ጓደኛዬ ባለ 6ቱን ገዛ። በማግስቱ ማታ ደወለና "ምንም ለውጥ የለውም፣ ሸወዱኝ" አለኝ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የሞኒተሩን ገመድ ከካርዱ ላይ አልሰካውም፣ አሁንም ከላይ የድሮው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ነው ያለው። አዙሬ ሰካሁለት፣ ድራይቨሩን (ካርዱን ሚያሰራውን ሶፍትዌር) ጫንኩለት፣ ቡናውን ጠጥቼ መጣሁ።