የአካል ጉዳት ድጋፍ ውሳኔ ስንት ቀን ይፈጃል? መረጃውን ከመሥሪያ ቤት እንዴት እንጠይቃለን

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። በክራንች ነው የሚንቀሳቀሱት። ለድጋፍ ያመለከቱበትን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ፍራሻቸው ሥር ያስቀምጡታል። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ያወጡትና «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ቀኑ ስንት ይላል?» ይሉኛል። ቀኑን እሳቸውም ያውቁታል። የማያውቁት መልሱ መቼ እንደሚመጣ ነው።

ወደ ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁላቸው። «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሁለተኛ ሄድኩ፤ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ውሳኔው ለምን ይዘገያል?» የሚል። አንድ ገጽ መልስ መጣ። አሠራሩን ለማሻሻል እየተሠራ መሆኑን ይገልጻል። አንድም ቁጥር የለበትም። ጥያቄው ልክ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው። «ለምን» ብሎ ለጠየቀ ማብራሪያ ይሰጠዋል። እኔ የምፈልገው ግን ሁለት ቀኖችን ነበር፤ ማመልከቻው የገባበትንና ውሳኔው የወጣበትን። እነዚህ ሁለት ቀኖች መዝገብ ላይ አሉ። ከታች የምጽፈው እነሱን እንዴት እንደምታገኙ ነው።

መብቱ ከየት ይመጣል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነፃነትን ይሰጣል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ዝርዝሩን የምታገኙት በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የድሮውን አዋጅ የሚዲያ ክፍል ተክቶታል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን አሁንም ይሠራል። «ያ አዋጅ እኮ ተሽሯል» የሚላችሁ ካለ ይህን በትህትና አስረዱት። አዋጁ የፌዴራልንም የክልልንም የመንግሥት አካላት ይመለከታል። የከተማ አስተዳደሩም ክፍለ ከተማውም ከዚህ አይወጡም።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 31 ስለ ስታቲስቲክስና መረጃ አሰባሰብ ነው። ስለዚህ ቁጥር ስትጠይቁ መንግሥት ራሱ ቃል የገባበትን ነገር ነው የምትጠይቁት።

አንድ ድጋፍ ብቻ ምረጡ

«የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ» በጣም ሰፊ ነው። ሥራ መሥራት ለማይችሉ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ አለ። ዊልቸር፣ ክራንችና ሰው ሠራሽ አካል አለ። የጤና መድን መዋጮ የሚሸፈንላቸው አሉ። ከሥራ በጤና ምክንያት የተሰናበተ ሰው የሚጠይቀው የጤና ጉድለት ጡረታ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቢሮና የራሱ መስፈርት አለው። ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ከጠየቃችሁ «እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ለመስጠት ትመቻላችሁ። አንዱን ምረጡ፤ ስሙንም ቢሮው በሚጠራበት ስም ጻፉት። ስሙን ካላወቃችሁት ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የአገልግሎት ዝርዝር ወይም የዜጎች ቻርተሩን እዩ። ቻርተሩ ላይ አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚሰጥ ከተጻፈ ፎቶ አንሱት። በኋላ የምታገኙትን ቁጥር የምታስተያዩት ከእሱ ጋር ነው።

ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ

ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህንን ነው፤ እኔም መጀመሪያ ዘልዬው ነበር። ማመልከቻ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቀበሌ ይገባል፣ ወደ ክፍለ ከተማ ይላካል፤ የሐኪም ማስረጃ ካስፈለገም ሰውየው ወደ ሆስፒታል ይመራል። ከዚያ ኮሚቴ ያየዋል። በየደረጃው መዝገብ ቤት አለ፤ በየመዝገብ ቤቱም ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ትልቅ ደብተር አለ። እኔ ያየሁት በቀይ መስመር የተከፋፈለ ነበር። ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የባለጉዳዩ ስም፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል። መጨረሻ ላይ ውሳኔ የተሰጠበት ቀን። ያ የመጨረሻው ዓምድ በብዙ ገጽ ላይ ባዶ ነበር። ደብተሩን የሚጽፉት ሴትዮ ጣታቸውን በባዶው ዓምድ ላይ ወደ ታች እየሳቡ «ይኸው፣ እኛ ጋ አልተመለሰም» አሉኝ። ለእኔ ትልቁ መረጃ ያ ባዶ ዓምድ ነበር፤ ውሳኔው ተሰጥቶም ይሁን ሳይሰጥ ወደ ቀበሌ የተመለሰ ወረቀት እንደሌለ አሳየኝ።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ያመለከተ ሰው ፈልጉና ወረቀቱ የት የት እንደሄደ ጠይቁት። መንገዱን ወረቀት ላይ ሳሉት። ጥያቄውን የምታስገቡት ውሳኔው ለሚሰጥበት ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ የእንግሊዝ አሠራር ይጠቅመናል። የዚያ አገር መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ክፍያ ላይ ውሳኔ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ በየሦስት ወሩ ያሳትማል። ቆይታውን ግን በአንድ ቁጥር አይጨርሰውም። ከምዝገባ እስከ ውሳኔ ያለው ለብቻው፣ ለምርመራ ተልኮ እስኪመለስ ያለው ለብቻው ይወጣል። መዘግየቱ የት እንዳለ የሚታየው እንዲህ ሲከፋፈል ነው። እኛም ጋ ሰውየው የቆየው የሐኪም ማስረጃ ሲጠብቅ ነው ወይስ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ? ሁለቱ የተለያየ መፍትሔ ነው የሚፈልጉት።

ደብዳቤው

አጭር ይሁን። የቤተሰብ ታሪክ አያስፈልገውም፤ ምሬትም አይግባበት። መሬት ላይ ያለው እውነት ያስመርራል፣ አውቃለሁ። ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ባለሙያ ምን አውጥቶ እንደሚሰጣችሁ በአንድ ንባብ ሊገባው ይገባል። እኔ የተጠቀምኩበት ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ……
ለ…… ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ለ…… ድጋፍ የቀረቡ ማመልከቻዎችን በተመለከተ የሚከተለው መረጃ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
1. በጊዜው የቀረቡ ማመልከቻዎች ብዛት፤
2. እያንዳንዱ ማመልከቻ ገቢ የሆነበት ቀንና ውሳኔ የተሰጠበት ቀን፣ የባለጉዳዩ ስም፣ ስልክና አድራሻ ሳይጨመር፤
3. የተፈቀደላቸውና ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ብዛት፤
4. እስከ ሰኔ 30 ድረስ ውሳኔ ያላገኙ ማመልከቻዎች ብዛትና የገቡበት ቀን፤
5. ማስረጃ እንዲያሟሉ የተመለሱ ማመልከቻዎች ብዛትና የተመለሱበት ቀን።
መረጃው በዚህ መልክ ተጠናቅሮ ካልተገኘ፣ ስም የተሸፈነበት የመዝገቡ ቅጂ እንዲሰጠኝ ወይም በቢሮው ተገኝቼ ከመዝገቡ ማስታወሻ እንድይዝ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

የመጨረሻዋን አንቀጽ እንዳትተዉ። «እንዲህ ያለ መረጃ አላጠናቀርንም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። አዋጁ ግን የተጠናቀረ ሪፖርት ብቻ አይደለም የሚለው፤ መዝገብ ማየትን፣ ማስታወሻ መያዝንና የተረጋገጠ ቅጂ መውሰድንም ይጨምራል። በኤሌክትሮኒክስ ካላቸውም በዚያው መልክ መጠየቅ ይቻላል። ኤክሴል ካላቸው ኤክሴሉን በፍላሽ ጠይቁ፤ መቁጠሩ ይቀላል።

አራተኛውም ወሳኝ ነው። ውሳኔ ያገኙት ብቻ ከተቆጠሩ ወረፋው አጭር ይመስላል። ብዙ ወር የጠበቀችውና እስካሁን መልስ ያላገኘችው እናት ከቁጥሩ ትወጣለች። አምስተኛውን የጨመርኩት ደግሞ አንዳንድ ቢሮ «ማስረጃ አልተሟላም» ብሎ ሲመልስ ቀኑ እንደ አዲስ ስለሚጀምር ነው። ባለጉዳዩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠብቅ፣ መዝገቡ ከትናንት ወዲያ እንደመጣ ይቆጥረዋል።

የሰው ሚስጥር ላይ ተጠንቀቁ። ስም አትጠይቁ። የጉዳቱን ዓይነትም በቀበሌ ደረጃ አትጠይቁ። በአንድ ቀበሌ አንድ ዓይነ ስውር አመልካች ብቻ ካለ ስሙ ባይጻፍም ሰፈሩ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በከተማ ደረጃ ጠይቁት።

መጻፍ ለማይችል

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በተለይ ለዚህ ጉዳይ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለመማር ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ማቅረብ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የተባለውን ጽፎ ቅጂውን ለጠያቂው መስጠት አለበት። ስለዚህ ያቺ የሰፈራችን እናት ራሳቸው ሄደው «የዘንድሮ አመልካቾች ስንት ቀን ጠበቁ? ጻፍልኝ» ማለት ይችላሉ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ ጥሩ ነው፤ ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነ ኃላፊው ወርዶ እንዲቀበል ጠይቁ።

ገቢ አስደርጉ

ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ለእነሱ ነው። ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤት ማኅተም አድርጎ፣ ገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ይመልስላችኋል። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ኋላ ላይ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እንዳትወጡ። እዚያው ቆማችሁ ማኅተሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ለሚመጣ ሰው ይቺ ማኅተም የአንድ ቀን መንገድ ዋጋ አላት፤ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ጨርሱት። ጠዋት መሄድ ይሻላል።

30 ቀን ቁጠሩ

አዋጁ መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ ጥያቄው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ይላል። ሥራው ከበዛ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ያኔ ግን ሊያሳውቋችሁ ይገባል። የምትቆጥሩት ከገቢ ቀኑ ነው። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ጊዜ ደውሉ ወይም ብቅ በሉ። ሰላምታ ሰጥታችሁ ገቢ ቁጥሩን ተናገሩ። «ያ ጉዳይ» ከማለት «ቁጥር ይህን ያህል» ማለት ፋይሉን ከመደርደሪያው ያስወርዳል።

እምቢ ከተባላችሁ እምቢታው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሁን። ከዚያ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ። ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት ያለው እሱ ነው፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ማኅተም ያለበትን ኮፒና የእምቢታውን ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት አለ።

ቁጥሩ ሲመጣ

ቀን መቁጠር በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው። ወሩ ሁሉ 30 ነው። ከጥቅምት 5 እስከ ጥር 20 ሦስት ወርና 15 ቀን፣ ማለትም 105 ቀን። ጳጉሜን በመሃል ካለች 5 ወይም 6 ጨምሩ።

ከዚያ አማካይ ላይ አትቸኩሉ። ለማሳያ ያህል ዘጠኝ ሰዎች 12፣ 15፣ 20፣ 22፣ 30፣ 41፣ 60፣ 180 እና 400 ቀን ጠበቁ እንበል። ድምሩ 780 ነው፤ ለዘጠኝ ሲካፈል ወደ 87 ቀን ይመጣል። ግን ከዘጠኙ ሰባቱ ከ87 ቀን በታች ነው የጠበቁት። በቅደም ተከተል ስትደረድሯቸው መሃል ላይ ያለው 30 ነው። የተለመደውን ቆይታ በደንብ የሚያሳየው የመሃሉ ቁጥር ነው። ሆኖም 180ውንና 400ውን አትጣሏቸው። እነሱ ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ከሁሉ በላይ ድጋፉ ያስፈለጋቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፦ የመሃሉን፣ እና ከሦስት ወር በላይ የጠበቁትን ብዛት። አጠገቡ የቻርተሩን ቀን አስቀምጡ።

የተጠናቀረውን አንድ ገጽ መጀመሪያ መልሱን ለሰጣችሁ ቢሮ ውሰዱለት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። መዝገቡን ያሳዩኝ ሴትዮ ቁጥሩን ሲያዩ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡትና «ይህን ለኃላፊያችን ላሳይ፣ እኛም ሰው ጨምሩልን ስንል ማስረጃ የለንም» አሉኝ። ቀጥሎ ለአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ ለምክር ቤት ተመራጫችሁ፣ ለሰፈሩ ስብሰባ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ላይ ቢሮዎች የዓመት ሪፖርት ስለሚያጠናቅሩ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሆነው፤ ጥያቄ ለማስገባት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። የእናታችን ማመልከቻ ያለበት ገጽ ላይ ውሳኔ የተሰጠበት ቀን የሚለው ዓምድ እስካሁን ባዶ ነው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከአሁኑ ጽፌዋለሁ። አምስቱ ጥያቄዎች ያው ናቸው፤ የቀየርኩት ዓመቱን ብቻ ነው።