በአሜሪካ የሱስ ሕክምና ሲጀምሩ የፈቃድ ቅጹን እንዴት ይፈርማሉ?
አሜሪካ ውስጥ ከአልኮል ወይም ከዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ሕክምና የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሚቀርቡለት ወረቀቶች አንዱ ምስጢሩ ለሌሎች እንዲገለጽ የሚፈቅድበት ቅጽ ነው። ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወሬው አገር ሰው ጆሮ ይደርሳል ብለው ሕክምናውን ጥለው ይወጣሉ፤ ይህኛው የበለጠ ያሳዝነኛል።

አስቀድመው «ማዕከላችሁ በክፍል 2 ይተዳደራል?» ብለው ይጠይቁ። «42 ሲ ኤፍ አር ክፍል 2» በፌዴራል ድጋፍ የሚሠሩ የሱስ ሕክምና ማዕከላትን የሚመለከት፣ ከሂፓ (የሕክምና መረጃን ምስጢር ከሚጠብቀው አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ) የጠበቀ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሻሻለ ወዲህ ለሕክምና፣ ለክፍያና ለተቋሙ ሥራ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፈቃድ ለወደፊቱም ሊያገለግል ይችላል። ይህ ጥቅም አለው፤ ሜታዶን የተባለውን የሱስ ማከሚያ መድኃኒት የሚወስዱ መሆንዎን የማያውቅ ሐኪም ከሜታዶን ጋር ተደርቦ ትንፋሽን የሚያዳክም የእንቅልፍ መድኃኒት ሊያዝልዎ ይችላልና።

ስለዚህ ብዕሩን ከማንሳትዎ በፊት መረጃው ለማን እንደሚሰጥና ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ የሚገልጹትን መስመሮች ያንብቡ። ማብቂያ ከሌለው፣ እርስዎ በጽሑፍ እስኪሽሩት ድረስ ይጸናል፤ ከመሻሩ በፊት የወጣውን መረጃ ግን መመለስ አይቻልም። መረጃው በእርስዎ ላይ በፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚፈቅድ ቃል ከሌላው ፈቃድ ጋር ተቀላቅሎ ካገኙ አይፈርሙ፤ እርሱ ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድዎ ከሆነ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ መጥሪያ ብቻውን አይበቃም። ሕይወትን ለማዳን በሚደረግ አስቸኳይ ሕክምናና በልጅ ላይ የደረሰ በደል ሲጠቆም ግን ያለ ፈቃድዎም መረጃ ሊሰጥ ይችላል።

ደንቡ ይህን ያህል ቢጠብቅዎም ምስጢሩ በአስተርጓሚ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። ልጅዎን ወይም የአክስትዎን ልጅ ይዘው አይሂዱ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ በከተማዎ የሚኖረው ሐበሻ ጥቂት ከሆነም በሌላ ግዛት የሚገኝ የስልክ አስተርጓሚ እንዲመድቡልዎ ያሳስቡ። ሲወጡም የፈረሙበትን ቅጽ ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ ፈቃዱን ለመሻር ባሰቡ ጊዜ ለማን ምን እንደፈቀዱ የሚያዩት በእርሱ ነው።