ኮርቲሶል በዝቷል ተብሎ ሲጠረጠር፦ ምራቅ ወይስ ደም?

ፊት ሲከብ፣ ሆድ ላይ ሰፋፊ ወይን ጠጅ ሸንተረር ሲወጣ፣ ከመቀመጫ ለመነሳት ጭን ሲከዳ ሐኪሙ ኩሺንግ ሲንድረምን፣ ማለትም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበዛበትን በሽታ፣ ሊጠረጥር ይችላል። ለዚህ ጥርጣሬ ጠዋት ደም መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ኮርቲሶል በጤነኛ ሰውም ጠዋት ከፍ ብሎ እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሚወርድ፣ በሽታውን የሚያጋልጠው በሌሊት አለመውረዱ ነው።

ከምርመራው በፊት እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩትን መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን፣ ወስደው እንደሆነ ይናገሩ። ፊት ማቅያ ክሬምም አይደበቅ፤ ከእነዚሁ ወገን የሆነ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ካለበት ምልክቶቹን ሊያመጣ ስለሚችል ቱቦውን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪም ሳያዝዝ ግን በድንገት አያቋርጡት።

ምራቅ የሚሰበሰበው በሁለት የተለያዩ ሌሊቶች፣ ከምሽቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መመሪያው ላይ 11 ሰዓት የሚል ካዩ በፈረንጅ አቆጣጠር የሌሊቱ 11 መሆኑን ያስተውሉ፤ በእኛ 11 ሰዓት የተሰበሰበ ምራቅ አይጠቅምም። ከዚያ በፊት ለ30 ደቂቃ አይብሉ፣ አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ጥርስዎንም አይቦርሹ፤ ድድዎ ከደማ ደሙ ውጤቱን ከፍ ስለሚያደርገው ለሌላ ሌሊት ያስተላልፉት። ላቦራቶሪው በቱቦ የሚሰጥዎን ጥጥ በእጅ ሳይነኩ ከቱቦው በቀጥታ ወደ አፍ ከተው ለ2 ደቂቃ ያህል ያላምጡት፤ መልሰው ቱቦው ውስጥ ተፍተው ይክደኑትና ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉበት። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን የሰውነቱ ሰዓት ስለሚዛባ በዚህ ምርመራ ባይመዘን ይሻላል።

ለእርሱ የሚስማማው የዴክሳሜታሶን ምርመራ ነው፤ ኪኒኑ የጤነኛ ሰው ኮርቲሶልን ስለሚያወርድ፣ ሳይወርድ ከቀረ በሽታውን ያስጠረጥራል። በሐኪም ትእዛዝ ከምሽቱ 5 እስከ 6 ሰዓት 1 ሚሊ ግራም ተውጦ (ኪኒኑ ባለ 0.5 ከሆነ ሁለት ፍሬ ማለት ነው) በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ደም ይሰጣል። ኮርቲሶሉ በዴሲሊትር ከ1.8 ማይክሮ ግራም በታች ከወረደ በሽታው የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ላቦራቶሪው በሊትር በናኖሞል ከጻፈው መለኪያው 50 ይሆናል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ዴክሳሜታሶኑን ቶሎ ስለሚያስወግዱት ጤነኛውን በሽተኛ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒንም ኮርቲሶልን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ የደሙን ቁጥር ያሳድጋል፤ በምራቅ የሚለካው ከፕሮቲን ነፃ የሆነው ክፍል በመሆኑ በዚህ በኩል ምራቅ ይበልጣል።

ሐዋሳ ላይ ቱቦ ፍለጋ ከመዞርዎ በፊት ላቦራቶሪው የምራቅ ኮርቲሶል መሥራቱንና የሌሊት ማነጻጸሪያ ቁጥር ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ከሌለው በእኔ አስተያየት በዴክሳሜታሶን መጀመር ይቀላል፤ የሚያስፈልገው የተለመደው የደም ኮርቲሶል ምርመራ ብቻ ነውና። አንዱ ውጤት ከፍ ቢል በሌላ ዓይነት ምርመራ ሳይረጋገጥ ለኤምአርአይ ገንዘብ አያውጡ፤ ጉዳት የሌለው ትንሽ እብጠት በጤነኛ ሰው ፒቱታሪ ዕጢ (አንጎል ሥር ያለና የኮርቲሶልን ምርት የሚያዝ ዕጢ) ላይም ይገኛል።