የሮታሪ አውሮፕላን ሞተር ጉልበትና የነዳጅ ፍጆታ በሚዛን ሲለካ

ከማዝዳ አርኤክስ-7 መኪና የወጣ 13ቢ የሚባል ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ሮተር ያለው) ራሳቸው በሠሩት ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። "ስንት ፈረስ ጉልበት አለው? ስንትስ ይበላል?" ለሚለው ጥያቄ በግምት አትመልሱ። ሁለት ሚዛን፣ ሰዓትና ዙር መቁጠሪያ ይበቃችኋል።

ከጉልበቱ እንጀምር። ሞተሩን ከነማርሽ ሳጥኑና ከነፕሮፔለሩ፣ በኩሽኔታ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደልቡ ማዘንበል በሚችል ማቆሚያ ላይ እሰሩት። የኩሽኔታው መሃልና የፕሮፔለሩ ዘንግ አንድ መስመር ላይ ይዋሉ። ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ሞተሩ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይፈልጋል፤ እኛ የምንመዝነው ይህንኑ ነው። ከማቆሚያው 1 ሜትር ክንድ አውጡና ጫፉን ሚዛን ላይ አሳርፉት። ሞተሩ ሳይነሳ ሚዛኑ የሚያሳየውን መዝግቡ፣ በኋላ ይቀነሳል። ማቆሚያውን መሬት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ፕሮፔለሩ ፊትም ጎንም ማንም እንዳይቆም፤ ሚዛኑን በስልክ ቅረጹትና ከሩቅ አንብቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። ሚዛኑ የሚናገረው የፕሮፔለሩን ቶርክ (የማዞር ኃይል) ስለሆነ የሚባዛው በፕሮፔለሩ ዙር ነው፣ በሞተሩ አይደለም። ሚዛኑ 40 ኪሎ ቢጨምር፣ 40 በ9.81 ሲባዛ 392 ኒውተን ሜትር ነው። ፕሮፔለሩ በደቂቃ 2400 ከዞረ፣ 392ን በ2400 አባዝታችሁ ለ9549 (ውጤቱን ወደ ኪሎዋት የሚቀይር ቁጥር ነው) ስታካፍሉ 98.5 ኪሎዋት ታገኛላችሁ፤ 132 ፈረስ ጉልበት ገደማ ማለት ነው። ማርሹ 2.17 ለ1 ከሆነ ሞተሩ ራሱ 5200 አካባቢ እየዞረ ነው፤ በዚያ ብታባዙ ከ280 ፈረስ ጉልበት በላይ ይመጣላችኋል። እባካችሁ በዚህ ቁጥር ተማምኖ የሚበር ሰው እንዳይኖር።

ነዳጁንም መዝኑት እንጂ በሊትር አትለኩት፣ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። ጀሪካኑን ሁለተኛው ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ኢንጀክሽን (ነዳጅ መርጫ) ያለው ሞተር የተረፈውን ነዳጅ ይመልሳልና የመልሱ ቱቦ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ያልተቃጠለውንም እንደተቃጠለ ትቆጥሩታላችሁ። ውሃውና ዘይቱ ሞቀው ሙቀታቸው መለዋወጡን ሲያቆም፣ ዙሩን ሳትነኩ 10 ደቂቃ አስኬዱት። 5 ኪሎ ከቀነሰ በሰዓት 30 ኪሎ ነው፤ ለ98.5 ሲካፈል በኪሎዋት ሰዓት 305 ግራም ይሆናል። ለሮታሪ ይህ ደህና ነው። ቤንዚኑ ላይ የደባለቃችሁት የሮተር ዘይት ካለ እሱም አብሮ ተመዝኗልና ቀንሱት።

የአየሩን ግፊትና ሙቀት መጻፍ አትርሱ። ቦሌ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት የባህር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚያ ያጣል። ሞተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ሦስቴ ለኩ። ውጤቶቹ በጣም ከተራራቁ ክንዱ ላይ ክብደቱን የምታውቁትን ነገር አንጠልጥሉና ሚዛኑ በትክክል መናገሩን እዩ፤ ካልተናገረ ኩሽኔታው ይዟል።