ሰዎችን ከሞባይል ባንኪንግ የሚያርቁ ስህተቶች

በደሴም ሆነ በወልዲያ ሠርቶ የሚያድር ሰው የባንክ መተግበሪያ የሚጠቀመው ማስታወቂያ ስለሰማ አይደለም። ገንዘቡ እንደማይጠፋበት ሲያምን ነው። ይህን እምነት ብዙ ጊዜ የሚያፈርሱት ደግሞ ሊያለማምዱት የተነሱት ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት እምቢታን ካለማወቅ መቁጠር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ባንክም ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ ሰው የተረፈው በእጁ በነበረው ጥሬ ብር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ይህን ያየ ነጋዴ ጥቂት ብር ቤቱ ቢያስቀምጥ ልክ ነው። «ሁሉንም ስልክህ ላይ አድርገው» ከማለት ይልቅ፣ ከኮምቦልቻ ላስመጣው ዕቃ ሱቁን ሳይዘጋ፣ ወረፋ ሳይጠብቅ መክፈል እንደሚችል ማሳየት ይሻላል።

ኢንተርኔት ከሌለ አገልግሎቱ የለም ብሎ መተውም ስህተት ነው። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተራ የቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይቀለዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ስልኩን ይስጡኝ፣ እኔ ልጨርስልዎት» ይባልና የሚስጥር ቁጥሩን ሳይቀር ሌላ ሰው ይመርጥላቸዋል። ቀልጣፋ ይመስላል፤ ባለገንዘቡ ግን ምንም አልተማሩም፣ ቁልፋቸውም በሰው እጅ ገብቷል። ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ። ቁጥሩን ራሳቸው ይምረጡ፣ ለልጃቸው ወይም ለጎረቤታቸው 10 ብር ይላኩ፣ መድረሱንም በዓይናቸው ይዩ። ማንኛውም ስብከት የዚህን ያህል አያሳምንም። ባንክ በስልክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር እንደማይጠይቅም ያኔውኑ ይነገራቸው።

በሰኞው የባቲ ገበያ ፍየል የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገዢው ያሳየውን መልእክት አይቶ ብቻ ማስረከብ የለበትም፤ መልእክትም ምስልም በሐሰት ይሠራል። የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን ይመልከት። አንድ ነጋዴ ሲታለል ወሬው ገበያውን ሁሉ ያዳርሳል፣ ብዙዎችም ወደ ጥሬ ብር ይመለሳሉ።

የአገልግሎት ክፍያውን አስቀድሞ አለመንገርም ያው ነው፤ ሳይነገረው የተቆረጠበት ሰው እንደተሰረቀ ይቆጥረዋል።

በመጨረሻም፣ ሳያረጋግጡ መላክ። ከማጽደቅዎ በፊት የተቀባዩን ስም ያንብቡ። ከተሳሳቱ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንክዎ ያመልክቱ፤ ተቀባዩ ብሩን ካወጣው ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።